አንድ ቤት ለኪራይ እስኪበቃ፦ የልደታ ማስታወሻዬ

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም

ቁልፉን ዛሬ ተረከብን። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ 3ኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ለማከራየት የገዛነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ነን። እሱ ያጠራቀማት ነበረችው። እኔ ደግሞ የዓመታት ቁጠባና የደረሰኝ እቁብ። ባንክ ሄደን ብድር ጠይቀን ነበር። ወርሃዊ ክፍያውን ሲነግሩን ከኪራዩ በጣም ይበልጣል። ልዩነቱን በየወሩ ከደሞዛችን ልንሞላ ነው ማለት ነው። ተውነው። በሁለት ሰው ገንዘብ ትንሽ ቤት ይሻለናል አልን።

ለምን ልደታ? ባቡሩ አለ። ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው። ፍርድ ቤቱ፣ ሕንፃ ኮሌጁ፣ መርካቶም ሩቅ አይደሉም። እኔ የማስበው ሌሊት ተረኛ ሆኖ ንጋት ላይ በእግሩ ቤቱ መግባት የሚፈልገውን ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ቤት ሲያገኝ ቶሎ አይለቅም።

ወደዚህ ቤት ከመምጣታችን በፊት ሌላ ቤት ልንገዛ ጫፍ ደርሰን ነበር። ዋጋው ደህና ነው፤ ቤቱም ያምራል። ሻጩ ባለትዳር ነው፤ ሚስቱ ግን ውጭ አገር ናት። «ፊርማዋ በኋላ ይመጣል፤ ቀብድ ክፈሉ» ተባልን። ደላላው «እህቴ፣ ሌላ ገዢ በር ላይ ቆሟል» እያለ ያጣድፈኛል። የቤተሰብ ሕጉ የባልና ሚስት የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። እሷ ሳትፈርም ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ የጸና ውክልና ሳትሰጥ የምንከፍለው ቀብድ ለክርክር በር ይከፍታል። ያን ቀን ማታ ከወንድሜ ጋር ብዙ ተነጋገርን። ቤቱ ዓይናችን ውስጥ ገብቷል። ግን ተውነው።

አሁን ቤት ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች፣ እባካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን በእጃችሁ ያዙ። ካርታውን በዋናው ቅጂ እዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ራሳችሁ ሄዳችሁ አጣሩ፤ ደላላው «አጣርቻለሁ» ቢላችሁ አትቀበሉ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የባንኩ ብድር ተከፍሎ ማለቁን የሚያሳየውን ደብዳቤ ጠይቁ። ቤቱ በዕጣ የተሰጠ ከሆነ የ5 ዓመቱ የሽያጭ እገዳ ማለፉን አስሉ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ። እኛ ይህን ሁሉ ስናሟላ ሦስት ሳምንት ሄደብን። ሦስቱ ሳምንት አይቆጨኝም።

ጥር 18

የመጀመሪያ ሥራዬ መታጠቢያ ቤቱን መፈተሽ ነው። ቀለምና መጋረጃ ቆይተው ይደርሳሉ።

የታች ቤት ነዋሪዋ እማማ ገና ሰላም ስላቸው «ልጄ፣ ከእናንተ ቤት ይንጠባጠብብኛል» አሉኝ። ገብቼ አየሁ። የመታጠቢያ ቤታቸው ጣሪያ ላይ እንጀራ የሚያህል ቢጫ ክብ አለ። ዳሩ ተልጧል። የቀድሞው ባለቤት ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልነገረንም። እኛም ስንገዛ የታች ቤቱን በር አላንኳኳንም። ቤት ስትገዙ የታቹንም የላዩንም ጎረቤት አንኳኩና ጠይቁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ቧንቧ ሠራተኛው ቀላል ዘዴ አሳየኝ። የወለሉን የፍሳሽ ቀዳዳ በላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ጥርቅም አድርጎ ደፈነው። ወለሉ ላይ አራት ጣት የሚሆን ውሃ አቆምን። ግድግዳው ላይ የውሃውን ልክ በእርሳስ ምልክት አደረገ። የውሃ ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘጉ። ከዚያ ቤቱን ቆልፈን ሄድን።

ጥር 19

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለስን። ውሃው ከእርሳሱ ምልክት በሁለት ጣት ወርዷል። እማማ ቤት ያለው ክብ ደግሞ ረጥቧል። ስለዚህ የሚያፈሰው ቧንቧው ሳይሆን ወለሉ ነው። ቧንቧው ቢሆን ኖሮ ወለሉ ላይ ያቆምነው ውሃ አይወርድም ነበር።

ሴራሚኩ መነሳት አለበት። ውሃ መከላከያው ተቀብቶ፣ በግድግዳውም ቢያንስ አንድ ስንዝር ወደ ላይ ወጥቶ፣ እንደገና በውሃ ተፈትኖ፣ ከዚያ ነው አዲሱ ሴራሚክ የሚነጠፈው። ሠራተኛው «እህቴ፣ ክፍተቱን በሲሚንቶ ልድፈንልሽ፤ ርካሽ ነው» ብሎኝ ነበር። ተከራይ ከገባ በኋላ ወለል ማስነሳት ማለት ግን ሰው ለሳምንት መታጠቢያ ቤት አጣ ማለት ነው። አሁን ቤቱ ባዶ ነው። አሁን ይሠራ አልኩት።

የካቲት 3

ወለሉ አልቋል። ሁለተኛው የውሃ ፈተና ለአንድ ቀን ሙሉ ቆየ፤ ውሃው ምልክቱ ላይ ነው። እማማን ጣሪያቸውን አስቀብቼላቸዋለሁ። ቡና አፈሉልኝ።

የካቲት 6

ዛሬ ያየሁት ነገር አስደንግጦኛል። ኤሌክትሪሺያኑ የወጥ ቤቱን ሶኬት ሲፈታው ከጀርባ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ከሽቦው ጋር ተጣብቋል። የሽቦው ልባስ ጠቁሮ በጣት ሲነካ እንደ ከሰል ይፈረፈራል። ከፊት ለፊት ሲታይ ሶኬቱ ነጭ ነው፤ ምንም የለበትም።

ምክንያቱ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 3.5 ኪሎዋት ማለት 3,500 ዋት ነው፤ ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። የተለመደው ሶኬት የሚችለው ጣሪያው ያ ነው። በዚያው መስመር ላይ ምድጃና ማቀዝቀዣ ተሰክተዋል። ምጣዱ ደግሞ ተሰክቶ ቶሎ አይነቀልም፤ ለሰዓታት ይሠራል። ስለዚህ ሽቦው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሲበስል ኖሯል።

ለምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ የራሱን መስመር አስጎተትኩ። ሽቦው ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር፣ ለብቻው ብሬከር ያለው። የመሬት መስመሩ (ኧርዙ) መሥራቱንም አስፈተሽኩ። ይህን ወጪ ማንም ተከራይ አያየውም። ግን እንጀራ የማይጋገርበት ቤት በአዲስ አበባ የለም ማለት ይቻላል። ቤት የምታከራዩ ሰዎች፣ ሌላ ምንም ባታድሱ የምጣዱን ሶኬት ፈትታችሁ እዩ። የሰው ሕይወት ነው።

የካቲት 12

ውሃ እዚህ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶ ያስፈልጋል። እኔ 500 ሊትሩን በረንዳ ላይ ላስቀምጥ ነበር። የሕንፃው ማኅበር ሰብሳቢ ጋሼ ከለከሉኝ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ከዚያ ወረቀት አውጥተው አሰሉልኝ፦ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። 500 ሊትር ግማሽ ቶን ነው። በረንዳው ደግሞ ከሕንፃው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ነው። «አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ አራት ፎቅ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አነስ ያለውን ገዝቼ ወጥ ቤት ጥግ፣ ግድግዳውን አስጠግቼ አስቀመጥኩ።

የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ የወጣው በ1995 ዓ.ም ነው፤ ቁጥሩ 370 ነው። ኮንዶሚኒየም ስትገዙ የምትገዙት ክፍሉን ብቻ አይደለም። ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ የጋራ ማብሰያውን፣ ማኅበሩንም ነው። ወርሃዊ መዋጮውን፣ ያልተከፈለ ውዝፍ መኖሩን፣ የማኅበሩን ደንብ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

የካቲት 27

ዛሬ ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራን። ሁለታችንም ዝም ብለን ተያየን።

ለስሌት እንዲመች ቤቱ 5 ሚሊዮን ብር፣ ኪራዩ በወር 20,000 ብር ነው እንበል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስላል፦ 20,000 ሲባዛ በ12፣ በዓመት 240,000 ብር። አበቃ። እኛም እንዲሁ አስልተን ነበር የጀመርነው።

አሁን በደንብ እናስላው። ቤት በዓመት አንድ ወር ባዶ ይሆናል ብላችሁ ያዙ፤ ተከራይ ሲቀየር፣ ሲቀባ፣ ሲጠገን። 220,000 ቀረ። ከዚያ ግብር አለ። የቤት ኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» ነው የሚታየው። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት (አዋጁ በኋላ ሐምሌ 2017 ላይ ተሻሽሏል) የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከገቢው ግማሹ ለጥገናና ለእርጅና ይቀነስለታል። ግብር የሚሰላው በቀረው 110,000 ላይ ነው። ያ ገንዘብ 30 በመቶ የሚከፈልበት እርከን ላይ ይወድቃል፤ 30 በመቶው 33,000 ነው፤ ከእሱ ላይ ለእርከኑ የተወሰነው ተቀናሽ 11,460 ይነሳል። ግብሩ 21,540 ብር ይሆናል። ቀሪው 198,460። ከዚህ ላይ ለጥገና የአንድ ወር ኪራይ በየዓመቱ አስቀምጡ፤ 178,460። የጣሪያና ግድግዳ ግብርና የማኅበር መዋጮ ገና አልተነሳም።

ይህ ማለት በወር ወደ 14,900 ብር ነው። 20,000 አይደለም። ቤቱ ካወጣው 5 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር በዓመት 3.6 በመቶ ገደማ ነው። ባንኮች የሚከፍሉት ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነው። በኪራይ ብቻ ካያችሁት ገንዘቡን ባንክ ማስቀመጥ እጥፍ ያህል ያመጣል።

መግቢያውም ነጻ አይደለም። የቴምብር ቀረጡ ብቻ 2 በመቶ ነው። ደላላም በተለምዶ 2 በመቶ ይጠይቃል። ሁለቱ ተደምረው ከ5 ሚሊዮን 200,000 ብር ናቸው። የ10 ወር ኪራይ ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ገዛን?» አለኝ ወንድሜ። የተናገርኩትን እዚህም ልጻፈው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ባንክ ያለው ቁጠባችን ቁጥሩ አልተቀነሰም፤ የሚገዛው ነገር ግን ቀነሰ። እኔ በዚህ ወር የገዛሁት ሴራሚክም ሆነ የመታጠቢያ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሻጮቹ ሁሉ የሚያወሩት ያንኑ ነው። ቤት ገንዘቡን አቅፎ ይይዛል ብለን ነው የገዛነው። ኪራዩ ደግሞ ቤቱን ራሱን ያስተዳድረዋል፤ ትንሽም ይተርፋል። ከኪራዩ ብቻ የሚኖር ሰው ግን ይህን ሒሳብ ሳይሠራ እንዳይገባ እለምናለሁ።

ሌላም ነገር ታየኝ። ትርፉ እንዲህ ቀጭን ከሆነ ሁለት ወር ባዶ የሆነ ቤት የዓመቱን ልፋት ይበላዋል። ኪራዩን በ1,000 ብር ከማስጨመር አንድ ተከራይ ሁለትና ሦስት ዓመት ቢቆይልኝ ይበልጥብኛል። 1,000 ብር በዓመት 12,000 ነው። አንድ ባዶ ወር ግን 20,000 ይወስዳል፤ ቀለሙና ደላላው ሳይቆጠር።

መጋቢት 11

ቀለም ተቀባ። ስቱኮ ሁለት እጅ፣ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት እጅ። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት የሚታጠበውን ዓይነት አደረግን። ነጭ አልወሰድኩም፤ ቶሎ ይቆሽሻል። በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ገባ። የቀድሞ ባለቤት ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አይታወቅምና ይህን አትዝለሉት።

መጋቢት 29

ሰው ማሳየት ጀመርን። በሦስት ቀን ዘጠኝ ሰው መጣ።

አንዱ የጠየቅነውን ኪራይ አልፎ የስድስት ወር በአንዴ እከፍላለሁ አለ። ወንድሜ ዓይኑ በራ። እኔ ግን አዋጁን አንብቤ ነበር፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016። አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መቀበል አይችልም። ደግሞም ሰውየው ማን እንደሚኖርበት ሲጠየቅ አይመልስም። «ዘመዶች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ» ይላል። ቤቱን በአልጋ ሊያከራየው እንደሆነ ገባኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁት።

ሌላዋ በጥቁር አንበሳ የምትሠራ ነርስ ናት። ከታናሽ እህቷ ጋር ነው የምትኖረው። ቤቱን ስታይ መጀመሪያ ቧንቧውን ከፈተች። ቀጥላ «ምጣድ የት ነው የሚሰካው?» አለች። ሶኬቱን አሳየኋት፤ የራሱ መስመር እንዳለው ነገርኳት። «አሁን ያለንበት ቤት ምጣድ ስንሰካ መብራት ይጠፋል፤ በሌሊት ነው የምንጋግረው» አለችኝ። ወደ ወንድሜ ዞር ብዬ አየሁት። እሱም ገብቶታል።

ከመስማማታችን በፊት አሁን የሚያከራዩአትን ሰው ስልክ ጠየቅኳት። ሳትቆጣ ሰጠችኝ። ደወልኩ። «ኪራይ አሳልፋብኝ አታውቅም፤ የምትለቀው እኔ ቤቱን ለልጄ ስለፈለግኩት ነው» አሉኝ።

ዋጋ ላይ ትንሽ ቀነስንላት። ወንድሜ አላመነታም።

ሚያዝያ 23

ውል ተፈራረምን። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ጊዜው ደግሞ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ጀማሪ አከራዮች እዚህ ጋ ይፈራሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ከማላውቀው ሰው ጋር?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ስለዚህ ነው ሰውን አስቀድሞ በደንብ ማወቅ የሚያስፈልገው እላለሁ። የኪራይ ጭማሪም በአከራዩ ፍላጎት አይደለም፤ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚወስነው ልክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የምትስማሙበት ዋጋ በደንብ የታሰበበት ይሁን።

ከውሉ ጋር አንድ ገጽ አባሪ አደረግን። በየክፍሉ ያለው ዕቃና ሁኔታው ተዘርዝሯል፦ የመብራት ቆጣሪው ንባብ፣ የውሃ ቆጣሪው ንባብ፣ ስንት ቁልፍ እንደተሰጠ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ትንሽ ስንጥቅ ሳትቀር። እያንዳንዱን ክፍል አብረን እየዞርን በስልክ ፎቶ አነሳን። ፎቶዎቹን ለእሷም ላክሁላት። ስትለቅ የምንከራከርበት ነገር እንዳይኖር ነው።

ሚያዝያ 28

ወረዳ ሄደን ውሉን አስመዘገብን። ሕጉ የሚሰጠው ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው፤ እኛ አላቆየነውም። ሁለታችንም መታወቂያ፣ እኔ ካርታውን ይዤ። ወረፋ ነበር፤ ግማሽ ቀን ሄደ። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ነው። ይህም በአዋጁ አለ፤ ለሁላችንም ይጠቅማል። ከፍያለሽ፣ አልከፈልሽም የሚባል ነገር አይኖርም።

ግንቦት 1

ልደታ ናት። ዛሬ ገቡ። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው ተሰብስበዋል። ዕቃ የጫነው አይሱዙ በር ላይ ቆሞ ሳለ እማማ ለሁለቱ እህትማማቾች በሰሃን ንፍሮ ይዘው መጡ። «የላይ ቤት ልጆቼ እንኳን ደህና መጣችሁ» አሏቸው። ፍራሹ በደረጃው ሲወጣ የግቢው ልጆች አግዘዋል። እኔ ዳር ቆሜ ሳይ ልቤ ሞላ።

ሰኔ 6

ኪራይ በቀኑ ገባ። የጥገናውን ገንዘብ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ አስቀምጫለሁ። ወንድሜ እንዳይነካው ካርዱን እኔ ይዣለሁ። እሱም ፈቅዷል።

ሐምሌ 13

ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ የገቢ ግብር አዋጁ በዚህ ወር ተሻሽሎ ጸድቋል። የካቲት ላይ የጻፍኩት ስሌት በቀድሞው አዋጅ የተሠራ ነው። እርከኖቹን አዲሱን ይዤ እንደገና እሠራዋለሁ። እናንተም የምታሰሉት በአዲሱ ይሁን።

ሁለተኛው፣ ትናንት ማታ ከባድ ዝናብ ነበር። ነርሷ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ በሳሎኑ መስኮት ዳር ውሃ ይገባል፤ ጨርቅ አድርጌበታለሁ፤ ፎቶ ልኬልሻለሁ» አለች። ፎቶውን አየሁት። የመስኮቱ ፍሬምና ግድግዳው የሚገናኙበት ላይ ያለው ሲሊኮን ተሰንጥቋል። ሚያዝያ ላይ በአባሪው የጻፍነው ያ ትንሽ ስንጥቅ ነው፤ በበጋ ምንም አይመስልም ነበር። ያኔ ነበር ማሠራት የነበረብኝ።

ሠራተኛው ነገ 2 ሰዓት ይመጣል። የድሮውን ሲሊኮን ሙሉ በሙሉ ፍቆ ነው አዲሱን የሚያደርገው፤ እርጥብ ላይ አይይዝም። ዝናቡ ጠዋት ረፍት ከሰጠን በአንድ ሰዓት ያልቃል። ካልሰጠን ከውጭ በኩል ላስቲክ ወጥረን እስኪደርቅ እንጠብቃለን። ነርሷ ሌሊት ተረኛ ስለሆነች ጠዋት ትተኛለች። ቁልፉን ለእማማ ትተዋለች፤ እኛም ድምፅ ሳናሰማ እንሠራለን።